ወንዶ ገነት ጫካ ለወፍና ለአበባ፦ የሄዳችሁ ሰዎች ንገሩን

ሰብለ ዘሐዋሳ
መስከረም 23፣ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ።

እኛ ሐዋሳዎች ወንዶ ገነት ሲባል ትዝ የሚለን ፍል ውሃው ነው። እንታጠባለን፣ ምሳ እንበላለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ሳይመሽ ሻሸመኔን አልፈን ቤታችን እንገባለን። ከፍል ውሃው ጀርባ ሽቅብ የሚወጣው ጫካ ግን ለብዙዎቻችን የፎቶ ጀርባ ሆኖ ቀርቷል። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ይህን ክር የከፈትኩትም ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ከእህቴና ከልጆቿ ጋር ለጫካው ብለን ብቻ ሄድን። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከሐዋሳ ተነስተን ፀሐይዋ ሳትበረታ ደረስን። መጀመሪያ ያለፍነው በሰው እጅ የተተከለ ደን ውስጥ ነው፤ የፈረንጅ ጽድና ባሕር ዛፍ። ዛፉ በሰልፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከሥሩ ግን አበባው ጥቂት ነው፣ የወፉም ድምፅ ሳሳ ያለ ነው። ትንሽ ወጣ ብለን የተፈጥሮው ደን ውስጥ ስንገባ ሁሉ ነገር ተለወጠ። ዋንዛ፣ ብሳና፣ ብርብራ፣ ሰሳ፣ ዝግባ። ሐረጉ ከዛፍ ዛፍ ተያይዟል። ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ እንኳ ለመለየት ያስቸግራል።

ፍሬው የበሰለ ሾላ አገኘንና ሥሩ ቁጭ አልን። መጀመሪያ የሰማነው የክንፍ ድምፅ ነው፣ ከሩቅ ፍው ፍው የሚል ከባድ ድምፅ። ከዚያ ሁለት ትልልቅ ጥቁርና ነጭ ወፎች መጥተው አናቱ ላይ አረፉ። ምንቃራቸው ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበ ይመስላል። አንዷ ፍሬ ቀጠፈች፣ በምንቃሯ ጫፍ ይዛ ትንሽ አየችው፣ ወደ ላይ ወረወረችና ጉሮሮዋ ውስጥ ቀለበችው። የእህቴ ትንሿ ልጅ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እስኪሄዱ ድረስ አልተነፈሰችም ብል ማጋነን አይደለም።

አበባውንማ ተዉት። ገላጣው ቁልቁለት በአደይ ቢጫ ሆኗል። ከመንገዱ ዳር ራስ ክምር ብርቱካናማ አበባውን ደርድሯል። ጠምበለል ሐረጉን አጋም ላይ ጥሎ ነጭ አበባውን አውጥቷል፣ ሽታው ከአበባው ቀድሞ ይደርሳል።

እናንተ የት የት ሄዳችሁ? ምን አያችሁ? ከልጆች ጋር የትኛው መንገድ ይሻላል? ደግሞ ወንዝ ዳር ያየሁትን አንድ አበባ ስሙን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ነጭ ነው፣ ሰፋ ያለ። ጉሮሮው ላይ ሐምራዊ ምልክት አለው። ከኋላው ደግሞ ረዥም ቀጭን ጅራት የመሰለ ነገር ይወጣል።

የወንዶ ልጅ
መስከረም 23፣ ማታ

ሰብልዬ እንኳን ወደ እኛ መጣሽ። አበባሽ እንሶስላ ነው! እናቶቻችን ሥሩን ወቅጠው እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት እሱ ራሱ ነው። ሥሩን ገበያ ላይ የሚያውቀው ብዙ ነው፣ አበባውን በቦታው ያየው ግን ጥቂት ነው። ያ ከኋላው ያለው ጅራት ባዶ አይደለም፤ ወለላውን የሚይዘው እዚያ ነው። ሽታው የሚበረታው ሲመሽ ነው፤ ምክንያቱም የሚጎበኙት ረዥም ምላስ ያላቸው የእሳት ራቶች ናቸው። ወለላው ድረስ የሚደርስ ምላስ ያላቸው እነሱ ናቸው።

ሌላ ጊዜ ልጆቹን ይዘሽ ስትመጪ ፍሬውን አስነኪያቸው። የደረሰውን ፍሬ በጣት ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ጧ ብሎ ይፈነዳና ዘሩን ይረጫል። እኛ በልጅነታችን ወንዝ ስንወርድ ዋናው ጨዋታችን እሱ ነበር።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከልጆች ጋር ከሆነ ጅረቱን ይዞ የሚሄደው ይሻላል፤ ዳገቱ ቀለል ያለ ነው። ውሃ ዳር ስለሆነም ወፉ አይጠፋም። ወደ ደን ኮሌጁ ይዞታ የምትገቡ ከሆነ መታወቂያ ያዙ፣ በሩ ላይ ጠይቁ። ከአካባቢው ልጆች አንዱን ይዛችሁ ግቡ። ዛፉን በየስሙ የሚጠራ፣ ጉጉት ቀን ቀን የት እንደምትተኛ የሚያውቅ ልጅ አለ። ክፍያውን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ ኋላ ቅር የሚለው ሰው አይኖርም።

የሁለት ልጆች እናት
መስከረም 24፣ ጠዋት

ሰብለ ሳነበው ልቤ ሄደ። የእኔ ልጆች 5 እና 8 ዓመታቸው ነው። ግን ጫካ ሲባል እፈራለሁ። እባብ፣ ጅብ ምናምን የለም? የወንዶ ልጅ በእግዚአብሔር እውነቱን ንገረኝ።

የወንዶ ልጅ
መስከረም 24፣ ጠዋት

እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ጅብ ቀን ተኝቶ ነው የሚውለው። እባብ አለ፣ ነገር ግን ኮቴ ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው የሚሸሸው። ከመንገዱ አይውጡ፤ ልጆቹ እጃቸውን ጉድጓድ ውስጥና የወደቀ ግንድ ሥር እንዳይከቱ ይንገሯቸው።

ለልጆች እኔ የምሰጋው ሳማን ነው። ጥላና እርጥብ ቦታ ይወዳል፣ ቁመቱ ከልጅ ትከሻ ይስተካከላል። ረዥም ሱሪ ያልብሷቸው። ጉንዳን መንገድ ሲያቋርጥ ካዩ ተሻግረው ይለፉ እንጂ አጠገቡ አይቁሙ፤ የሱሪውን ጫፍ ካልሲ ውስጥ መክተት ይረዳል። ምግብ በፌስታል አይያዙ። ጦጣም ዝንጀሮም ፌስታል ያውቃል፣ መጥቶ ይነጥቃል። ቦርሳ ውስጥ አድርገው ይዝጉት። ለጦጣ ምንም አይስጡ፣ ልጆቹ ቢለምኑዎትም።

ጋሽ ዝግባ
መስከረም 24፣ ከሰዓት

ልጆቼ፣ ይህን ክር ሳይ በጣም ደስ አለኝ። ዕድሜዬን በደን ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፣ ስለዚህ ጊዜ አለኝና ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ በ1978 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው፣ ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። በዚህ አገር የደን ባለሙያ ካገኛችሁ በዚያ ግቢ ያለፈ ይሆናል ብላችሁ ብትገምቱ ብዙ አትሳሳቱም። ጫካው ከግርጌው 1,800 ሜትር አካባቢ ይጀምርና ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል። ይህ ከፍታ ለወፍ ወዳድ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ከታች የስምጥ ሸለቆ ወፍ፣ ከላይ የደጋ ወፍ፣ በአንድ ጠዋት።

ሰብለ ያየሻቸው ሆርንቢል የሚባሉት ናቸው፣ ጉንጫቸው ብርማ የሆነው ዓይነት። የጎጇቸውን ነገር ላጫውታችሁ። ሴቷ እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ሲደርስ የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች። ወንዱ አፈር ይውጥና ጉሮሮው ውስጥ ጭቃ አድርጎ ያመጣላታል። እሷ ከውስጥ ሆና በሩን በዚያ ጭቃ ትደፍነዋለች። የምትቀረው ምንቃር የምታሾልክ ስንጥቅ ብቻ ናት። ከዚያ በኋላ ወንዱ ፍሬ እየለቀመ በዚያች ስንጥቅ ያጎርሳታል፤ ጫጩት ሲፈለፈልም እንደዚያው። እንግዲህ ለዚህ የሚበቃ ቀዳዳ ያለው ዛፍ ትናንት የተተከለ ዛፍ አይደለም። ብዙ ዘመን የኖረ ዝግባ ወይም ቀረሮ ነው። ያንን ዛፍ ለሳንቃ የጣለ ሰው የስንት ዓመት ጎጆ አብሮ እንደጣለ አያውቅም። ወፏ ደግሞ የበላችውን ፍሬ ዘር ሩቅ ወስዳ ትጥላለች። የሾላውን ልጆች የምትተክለው እሷ ናት።

እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ቱራኮን ነው። ጉንጩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ አረንጓዴ ወፍ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ቆሞ ዓይናችሁ እያየው ላታዩት ትችላላችሁ፤ ከቅጠሉ ጋር አንድ ይሆናል። ዛፉ ላይ በእግሩ እየሮጠ ሲሄድ ሽኮኮ ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገር ግን ክንፉ ይከፈትና ደም የመሰለ ቀይ ይወጣል። ያ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበት ቀለም ነው። በሌላ የወፍ ወገን የማይገኝ የቱራኮዎች ብቻ ነው። ወፉ ከሚበላው ፍሬ ውስጥ ያለችውን ጥቂት መዳብ ለቅሞ ክንፉ ላይ ያኖራታል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ክንፉን ባየሁ ቁጥር ቆሜ ነው የማየው።

ለማየት የምትፈልጉ ሁሉ ጫካውን በሩጫ አታቋርጡ። ፍሬ ያለው ዛፍ ምረጡና ሰብለ እንዳደረገችው ቁጭ በሉ። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት። ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ድረስ ዋናው ነው። ቀትር ላይ ሁሉም ጥላ ይፈልጋል። ከዚያ ከ10 ሰዓት በኋላ እንደገና ይነቃቃል። ልብሳችሁ ነጭና ቀይ አይሁን። ሙዚቃ ከፍቶ ጫካ መግባት ደግሞ... እሱን ዛሬ ባልናገር ይሻላል፣ እናደዳለሁ።

ሰብለ ዘሐዋሳ
መስከረም 24፣ ማታ

ጋሼ እጅዎ ይባረክ። የእህቴ ልጆች የጭቃውን በር ታሪክ አስር ጊዜ አስነብበውኛል። ቀጣዩ ጉዟችን የደፈነችውን ቀዳዳ ፍለጋ ሆኗል።

ጋሽ ዝግባ
መስከረም 24፣ ማታ

ካገኛችሁት ከሩቅ እዩት፣ ልጄ። ሰው ከሥሩ ቆሞ ሲጠብቅ ወንዱ ምግብ ይዞ አይጠጋም። ውስጥ ያሉት ደግሞ ሌላ የሚያበላቸው የለም።

ካሜራ በትከሻ
መስከረም 25፣ ጠዋት

ጥሩ ክር ነው። እኔ ወፍ ፎቶ ማንሳት የጀመርኩት በኮቪድ ጊዜ ነው፣ ከዚያ ወዲህ አልተውኩትም። ለቱራኮ ቀላል ዘዴ ልንገራችሁ። ድምፁን ስልካችሁ ላይ አውርዱ፣ ጫካው ውስጥ አጫውቱት። ራሱ መጥቶ ፊታችሁ ያርፋል። እዚያ ጫካ ውስጥ ያሉትን ቢጫ ግንባር በቀቀንም አንስቻለሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ያለ በቀቀን ነው። አረንጓዴ ሆኖ ፊቱ ቢጫ፣ በረራው ፈጣን፣ እየበረረ የሚያፏጭ። ለሱ ግን ከላይኛው ክፍል ሌሊት መግባት ያስፈልጋል።

ግንደ ቆርቁር
መስከረም 25፣ ጠዋት

ፎቶዎችህን አይቻለሁ፣ ድንቅ ናቸው። ስለ ድምፁ ግን አልስማማም። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ ለተማሪዎቼም የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ወፍ ሲጮህ በአብዛኛው «ይህ ግዛቴ ነው፣ አትግባ» እያለ ነው። ስልክህ ሲጮህ ወፉ የሚሰማው ቤቱ ጠላት እንደገባ ነው። መብላቱን ትቶ፣ ጫጩቱንም ትቶ ሊዋጋ ይመጣል። አንተ ፊት ያረፈው ደስ ብሎት አይደለም።

ካሜራ በትከሻ
መስከረም 25፣ ከሰዓት

ገብቶኛል እህቴ። ግን አንድ ደቂቃ ነው የማጫውተው። የውጭ አገር ሰው ይዘው የሚመጡ አስጎብኚዎችም ያደርጉታል።

ጋሽ ዝግባ
መስከረም 25፣ ከሰዓት

ልጄ፣ አንተ አንዴ ነው የምታጫውተው። ከኋላህ የሚመጣውም አንዴ ነው፣ ከሱ በኋላ ያለውም አንዴ። ወፉ ግን ያው አንድ ወፍ ነው።

ካሜራ በትከሻ
መስከረም 25፣ ማታ

ጋሼ፣ ይሁን። ጎጆ በሚሠሩበትና ጫጩት በሚያሳድጉበት ጊዜ አላደርገውም። ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ ግን አሁንም አንድ ጊዜ፣ ለአጭር ጊዜ ጉዳት አለው ብዬ አላምንም። በዚህ ልንለያይ እንችላለን።

ግንደ ቆርቁር
መስከረም 25፣ ማታ

እዚህ ድረስ መምጣትህም ትልቅ ነገር ነው። አመሰግናለሁ።

አረንጓዴ በረንዳ
መስከረም 26፣ ጠዋት

እኔ ደግሞ የአበባ ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት እዚያው ጫካ ዛፍ ላይ የበቀለ ኦርኪድ አይቼ ነበር። በረንዳዬ ላይ ከ30 በላይ ማሰሮ አለኝ፣ ሁሉንም የማሳድገው በፍቅር ነው። አንድ ቁራጭ ነቅዬ ባመጣ ይይዝልኛል ወይ? እንክብካቤ አይጎድልበትም።

ግንደ ቆርቁር
መስከረም 26፣ ከሰዓት

እህቴ፣ አበባ ወዳድ መሆንሽ ከጽሑፍሽ ያስታውቃል፤ ስለዚህ በግልጽ ልንገርሽ። አትንቀዪው። ዛፉ ላይ ያለ ኦርኪድ የዛፉን ደም አይጠጣም። ሥሩን ቅርፊቱ ላይ ለጥፎ የሚኖረው ከዝናብ፣ ከጉምና ቅርፊቱ ላይ ከሚጠራቀመው ብስባሽ ነው። ያንን እርጥበት ሐዋሳ በረንዳ ላይ አታገኚለትም። ዘሩም ቢሆን የዱቄት ያህል ደቃቅ ነው፣ ለራሱ ስንቅ የለውም። ከተወሰኑ ፈንገሶች ጋር ካልተገናኘ አይበቅልም። ለዚህ ነው አንዱ ከተነቀለ ቦታውን ሌላ ቶሎ የማይተካው።

በረንዳሽ ላይ የሚሆን የሀገር አበባ ከፈለግሽ ራስ ክምር ዘሩን ለቅመሽ ዝሪ። በቀላሉ ይበቅላል። ሲያብብ ደግሞ ወለላ የሚመጥጡት ጥቃቅን ወፎች ራሳቸው በረንዳሽ ድረስ ይመጣሉ። ወንዱ ፀሐይ ሲያርፍበት ላባው አረንጓዴና ወይን ጠጅ እየሆነ ይለዋወጣል። እኔ ትምህርት ቤት አጥር ላይ ዘርቼ ተማሪዎቼ በመስኮት እያዩ ትምህርት እያስፈቱኝ ነው።

አረንጓዴ በረንዳ
መስከረም 26፣ ማታ

ራስ ክምሩን እሞክራለሁ። ዘሩ መቼ ነው የሚለቀመው?

ግንደ ቆርቁር
መስከረም 26፣ ማታ

አበባው ረግፎ ያ ክብ ክቡ ራሱ ቡናማ ሲሆንና ሲደርቅ። ወረቀት ላይ ገልብጠሽ አራግፊው፣ ዘሩ ይወርዳል። ክብ ክቡ ራስ ላይ እሾህ አለ፣ ጣትሽን ተጠንቀቂ።

አዲስ ገቢ
መስከረም 27፣ ጠዋት

ሰላም ወገኖች። ለሥራ ሐዋሳ የመጣሁ ሰው ነኝ። መኪና የለኝም፣ ባይኖኩላርም የለኝም፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን እሠራለሁ። ወንዶ እስክደርስ ከተማው ውስጥ የምጀምርበት ቦታ ይኖር ይሆን? አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅ። ታቦር ተራራ ስወጣ ብዙ የሚያምር አበባ አየሁ፣ ቢጫና ሮዝ አንድ ላይ የሆነ፣ ቁጥቋጦ፣ ፍሬው ጥቁር። የዱር አበባ ነው አይደል?

ግንደ ቆርቁር
መስከረም 27፣ ከሰዓት

እንኳን ደህና መጣህ። ከአበባው ልጀምር። የወፍ ቆሎ ነው። ያምራል፣ እውነት ነው። ግን የዚህ አገር አይደለም፤ ከአሜሪካ ቆላማ አገሮች ለአጥር ጌጥ ተብሎ የመጣ ነው። ወፎች ፍሬውን በልተው በየሜዳው ይዘሩታል። ከያዘ ሌላ አያስበቅልም፣ ቅጠሉም ከብት ይመርዛል። ታቦር ላይ የዚህን አገር አበባ የምትፈልግ ከሆነ ከቁጥቋጦው መሀል ያለውን አጋም ፈልግ። ትንንሽ ነጭ አበባው ከጀርባው ሮዝ ቢጤ ነው፣ ሽታው ጣፋጭ። በዝናብ ጊዜ ደግሞ ግራር በበዛበት ቦታ ሐረግ ይዞ የሚወጣ አበባ ታያለህ፤ ቅጠሉ የተጠማዘዘ፣ ቀይና ቢጫ፣ የእሳት ነበልባል የመሰለ። እሱን ከልጅ አርቁ። ሥሩ በተለይ ኮልቺሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ አለበት።

አሁን ወደ ወፉ። መኪና የማያስፈልገው ምርጥ ቦታ ደጃፍህ ላይ አለ። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ሂድ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ሲመለሱ አባ ኮዳዎቹ ከሰው መሀል ቆመው ጥራጊ ይጠብቃሉ። ብዙ ሰው አስቀያሚ ይላቸዋል። እኔ አልስማማም። ክንፏን ስትዘረጋ ከ2 ሜትር ተኩል የምታልፍ ወፍ በቅርብ የምታይበት ከተማ ስንት አለ? እግሯ ላይ የምታየው ነጭ ነገር ኩሷ ነው፤ ሙቀት ሲበዛ ሆን ብላ ትቀባውና ሲደርቅ ያቀዘቅዛታል። ዛፎቹን ቀና ብለህ እይ፣ ጉሬዛ አለ። ጥቁርና ነጭ፣ ጅራቱ እንደ ነጭ ጭራ የወረደ።

ከዚያ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ አቅጣጫ ዳር ዳሩን ሂድ። ደንገሉ መሀል ቀስ ብለህ እይ። ረዣዥም ጣት ያላት ቡናማ ወፍ ውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ እየረገጠች ስትሄድ ካየህ ጃካና ናት። የሷ ቤት ነገር የተገለበጠ ነው፤ እንቁላሉን የሚታቀፈውም ጫጩቱን የሚያሳድገውም ወንዱ ነው። ነጭና ጥቁር ዓሣ አጥማጅ ወፍ ከውሃው በላይ አንድ ቦታ ክንፉን እያርገበገበ ቆሞ በራሱ ወደ ታች ሲወረወር ደግሞ ታያለህ። እሱን ለማየት ባይኖኩላር አያስፈልግም።

የሐዋሳ ሐይቅ ወጪ ወንዝ የለውም፣ ውሃው ግን ጨዋማ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ወደሱ የሚገባው ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ነው። ወንዙ ሐይቁ ላይ የሚገባበት አካባቢ ረግረግ ስለሆነ ወፉ የትየለሌ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ወፎች ይመጣሉ፣ እስከ ሚያዝያ አካባቢ ይቆያሉ። አሁን መንገድ ላይ ናቸው። ስለዚህ ጥሩ ጊዜ ላይ ነው የመጣኸው።

አዲስ ገቢ
መስከረም 27፣ ማታ

ይህን ሁሉ ጽፈሽልኝ... እግዜር ይስጥልኝ። ባይኖኩላር ልግዛ ብል ምን ዓይነት?

ካሜራ በትከሻ
መስከረም 27፣ ማታ

ይሄን እኔ ልመልስ። ላዩ ላይ 8 በ42 የሚል ፈልግ። 8 ማለት ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ ነው፣ 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው። ጫካ ውስጥ ጨለም ስለሚል ሰፊ መስታወት ይረዳል። 20 ጊዜ ያቀርባል የሚሉህን አትግዛ። በእጅ ስትይዘው ይንቀጠቀጣል፣ ወፉን ፈልገህ እስክታገኘው በርሮ ይሄዳል። ከመግዛትህ በፊት ደግሞ ከሱቁ ወጥተህ ሩቅ ያለ ጽሑፍ እይበት። ዓይንህን ካሳመመህ ተወው።

ኢበርድ የሚባለውን መተግበሪያም ጫን። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ቤተ ሙከራ ነው የሚያስተዳድረው፣ ነጻ ነው። ያየኸውን ትመዘግባለህ፣ ሌሎች ሐዋሳ ላይ ያዩትን ደግሞ ታያለህ። አገራችን ውስጥ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል፣ ስለዚህ መጨረስ የሚባል ነገር የለም።

የወንዶ ልጅ
መስከረም 28፣ ጠዋት

እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከልቤ ነው። እዚህ ስትመጡ ጀርባቸው ላይ እንጨት ተሸክመው ከጫካ የሚወርዱ እናቶች ታገኛላችሁ። ካሜራ አትደቅኑባቸው፣ በፌስቡክም «ደን ጨፍጫፊ» እያላችሁ አትለጥፏቸው። ደረቅ እንጨት ለቅመው ነው ልጅ የሚያበሉት። ጫካው እንዲቆይ ከፈለግን ከጫካው የሚገኝ ሌላ እንጀራ ያስፈልጋል። እናንተ መጥታችሁ ልጁን ስትከፍሉት፣ ቡናውን እዚሁ ስትጠጡ፣ አቮካዶውን እዚሁ ስትገዙ፣ ጎረቤቴ ሾላው ቆሞ ቢያየው እንደሚሻለው ይገባዋል። እኔ ያየሁት ለውጥ ከዚህ የመጣ ነው።

ጋሽ ዝግባ
መስከረም 28፣ ጠዋት

ይህ ልጅ የተናገረውን እኔ ስብሰባ ላይ ስንቴ ተናግሬዋለሁ። ተባረክ።

የሁለት ልጆች እናት
መስከረም 28፣ ከሰዓት

እሺ፣ አሳምናችሁኛል። በሚቀጥለው እሑድ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ። አብሮን የሚሄድ አለ? ብቻዬን አልደፍርም።

ሰብለ ዘሐዋሳ
መስከረም 28፣ ከሰዓት

እኔ አለሁ፣ እህቴም ከነልጆቿ ትመጣለች። መኪናችን ላይ ሁለት ቦታ አለ፣ ልጆችን ብናቅፋቸው ይበቃናል።

አዲስ ገቢ
መስከረም 28፣ ማታ

እሑድ ከሆነ እኔም ነጻ ነኝ። በሚኒባስ እመጣለሁ። ሻሸመኔ ወርጄ ነው የምቀይረው?

የወንዶ ልጅ
መስከረም 28፣ ማታ

አዎ፣ ሻሸመኔ መናኸሪያ ወርደህ የወንዶ ገነትን ያዝ። የመጀመሪያው ቶሎ ይሞላል፣ 12 ሰዓት ሳይሆን ድረስ። እዚህ ከደረስክ እኔ እቀበልሃለሁ፣ ሌሎቹም ሲደርሱ አብረን እንገባለን።

እትዬ፣ ለልጆቹ ቅያሪ ካልሲ ይያዙላቸው፣ ጅረቱ ዳር ጭቃ አለ። ውሃ ከበቂ በላይ ይያዙ፣ ምሳውን ግን እዚህ ብንበላ ደስ ይለኛል። ያለፈው ሰሞን ከሰዓት ከሰዓት እየዘነበ ስለሆነ እስከ 5 ሰዓት ጨርሰን እንወጣለን። ቅዳሜ ማታ ከባድ ዝናብ ከጣለ መንገዱ ያንሸራትታልና ለሳምንት እናዛውረዋለን። ለማንኛውም ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ እዚሁ እጽፋለሁ።